የስቴት ኳርተርና የመታሰቢያ ሳንቲም ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከላይ ያለውን ዓመት አትመኑ

ባለፈው ሰሞን አትላንታ ያለ አንድ ዘመዴ በሌሊት ደውሎ "ጋሼ ተነስ፣ እግዜር አየን" አለኝ። ምን ተገኘ ስለው ፎቶ ላከልኝ፣ ኳርተር ነው፣ የአሜሪካ ሃያ አምስት ሳንቲም። ጆርጂያ ይላል፣ መሃሉ ላይ ኮክ አለበት፣ ከላይ 1788 ተጽፎበታል። "የሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳንቲም እኮ ነው፣ ሙዚየም የሚገባ ነገር ነው፣ ለማን ልሽጠው?" ዓይኔን እያሻሸሁ "ከኮኩ በታች ያለውን አንብብልኝ እስቲ" አልኩት። ዝም አለ። ከዛ ቀስ ብሎ "1999" አለኝና ስልኩን ዘጋው።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ኳርተር በባልዲ ነበር የምቆጥረው፣ ሱሱም የያዘኝ እዛ ነው። ከዛ በኋላ እንግዲህ ሳንቲም ያገኘ ዘመድ ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ይህንን ጽሁፍ ልልክላቸው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ከላይ ያለውን ዓመት የሳንቲሙ ዕድሜ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የአሜሪካ መንግስት ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ አምስት አምስት ስቴት እያነሳ የሃምሳውንም ኳርተር አወጣ፣ ተራው ደግሞ ስቴቶቹ ህብረቱን በተቀላቀሉበት ቅደም ተከተል ነው፣ ደላዌር መጀመሪያ ሃዋይ መጨረሻ። ጀርባው ላይ ከላይ በኩል የስቴቱ ስምና ስቴት የሆነበት ዓመት አለ፣ ከታች ጠርዙ ጋ ደግሞ ሳንቲሙ የወጣበት ዓመት አለ። ሰው ሲያነብ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ሜሪላንድ 1788፣ ቴክሳስ 1845፣ ሚኒሶታ 1858፣ ኮሎራዶ 1876፣ ዋሽንግተን 1889 ይላል፣ እነዚህ ሁሉ የስቴቶቹ ልደት ናቸው እንጂ የሳንቲሙ አይደሉም። ፊት ለፊት የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል ባለበት በኩል ዓመት ፈልጋችሁ አታገኙም፣ ለዚህ ፕሮግራም ብለው ወደ ጀርባ ወስደውታል፣ ግራ መጋባቱን ያባሰውም ይሄ ይመስለኛል።

የቨርጂኒያው ደግሞ ጉድ ነው፣ አንድ ኳርተር ላይ አራት ዓመት። 1788 ስቴት የሆነችበት፣ 2000 ሳንቲሙ የወጣበት፣ ከሦስቱ መርከቦች ጋር ደግሞ 1607 እና 2007 አለ፣ እንግሊዞች ጄምስታውን ላይ የሰፈሩበትና አራት መቶኛ ዓመቱ የሚሞላበት። ሳንቲሙ ኪሳችን ሲገባ በዓሉ ገና ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር ማለት ነው። አንዲት ደንበኛችን ያኔ በ2000 ይህንን ይዛ መጥታ "2007 የሚል ሳንቲም እንዴት ይኖራል፣ ስህተት ነው፣ ስንት ያወጣል" ብላ ለሃያ ደቂቃ መስኮቴ ጋ ቆማለች፣ ከኋላዋ መኪናው ተሰልፎ ክላክስ እያደነቆረኝ።

1776-1976 የሚለው ከበሮ መቺ ያለበት ኳርተርም ያው ነው። የአሜሪካ ነጻነት ሁለት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ ነው፣ በ1975 እና በ1976 ነው የተመታው፣ ለዚህም ነው 1975 የሚል ኳርተር ጭራሽ የሌለው። በጠቅላላው ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ተመትቶ ወጥቷል። ቲክቶክ ላይ ሃምሳ ሺህ ዶላር ያወጣል እያሉ የሚያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ እኔ ባልዲዬ ውስጥ በየሳምንቱ አገኘው የነበረውን።

ደግሞ እኛ በዚህ መሸወድ አልነበረብንም። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት እንደሚዋሽ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሐበሻ ነው፣ ማርትሬዛ የለችም እንዴ? የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፣ ጠገራ ብሩ ላይ ያለው ዓመትም 1780 ነው፣ ግን ከዛ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያንኑ 1780 እየጻፉ ሲመቱት ኖሩ፣ ቪየና ብቻ ሳይሆን ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሁሉ ተመትቷል፣ ሙሶሎኒ እንኳን አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 የመምቻ መብቱን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ሲያስመታ ነበር። አያቴ ሳጥን ውስጥ የነበረችው ብር በየትኛው ዘመን እንደተመታች ቀኑን አንብቦ የሚናገር የለም። የጃንሆይ ሳንቲምም እንዲሁ ነው፣ ፲፱፻፴፮ የሚለው በኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 1944 አካባቢ መሆኑ ነው፣ ግን ያቺኑ ዓመት ሳይቀይሩ ለአስርት ዓመታት ሲመቱበት ቆይተዋል። ፈረንጅ ነጋዴ ደግሞ የግዕዙን ቁጥር አስነብቦ 1936 ሲባል በራሱ አቆጣጠር ይወስደውና ሳጥኑ ላይ "ጣልያን የገባበት ዓመት" ብሎ ይጽፍበታል፣ አንዴ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

መታሰቢያ ስለሆነ ጥቂት ነው ማለት

የሃምሳው ስቴት ኳርተር በአስር ዓመት ውስጥ ከ34 ቢሊዮን በላይ ነው የተመታው። ቢሊዮን ነው ያልኩት። የቨርጂኒያው ብቻ ከአንድ ተኩል ቢሊዮን ይበልጣል። መንግስት ለምን እንዲህ አበዛው ብትሉ ንግድ ስለሆነ ነው፣ ኳርተር ለመምታት ያኔ የሚያወጣው ጥቂት ሳንቲም ነበር፣ ለባንክ የሚሰጠው ግን በ25 ሳንቲም ሂሳብ ነው፣ እናንተ ደግሞ "የልጄ ስቴት ነው" ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ተመልሶ አይመጣበትም፣ ልዩነቱ ለሱ ቀረ። እኔ በበኩሌ አልከፋኝም፣ ጂኦግራፊ የተማርኩት በዛ ነው፣ አይዋ ከኦሃዮ እንደሚለይ ያወቅኩት ከኳርተር ነው። ግን በጥቂትነቱ ሀብታም የሚያደርግ ነገር አይደለም። ከኪስ የተገኘ፣ ያገለገለ የስቴት ኳርተር 25 ሳንቲም ነው፣ የፈለገው ታሪክ ይኑረው።

ዋጋ ለማየት ኢቤይ ስትገቡ ደግሞ ሻጩ የጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ፣ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቦታ አለው። መርካቶ ሻጭ የጠራውን ዋጋ አምኖ የሚከፍል ሰው አለ? እና ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ምን ነካን?

ሃምሳ ብቻ ናቸው ብሎ አልበሙን መዝጋት

ዲሲ ያላችሁ ልጆች የዲሲን ሳንቲም ከሃምሳው ውስጥ ትፈልጋላችሁ፣ የለም፣ ዲሲ ስቴት አይደለችማ። የሷና የአምስቱ ግዛቶች (ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋም፣ አሜሪካን ሳሞአ፣ ቨርጂን አይላንድስና ሰሜን ማሪያና) በ2009 ነው የወጣው፣ ስለዚህ ሙሉ አልበም 56 ነው። ዲሲ መጀመሪያ ያቀረበችው ጽሁፍ "ውክልና የሌለው ግብር" የሚለውን የመኪና ታርጋዋን መፈክር ነበር፣ ሚንቱ (ሳንቲም የሚመታው የመንግስት መሥሪያ ቤት) አልቀበልም አለ፣ በመጨረሻ የጃዙ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ፒያኖው ጋ ተቀምጦ ወጣ። ይሄ ሳንቲም ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ዱክ ኤሊንግተን እኮ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከነባንዱ ተጫውቶ ከጃንሆይ እጅ ሜዳልያ ተቀብሎ የሄደ ሰውዬ ነው፣ ሙላቱ አስታጥቄም ያኔ አብሮት ነበር። ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት አካባቢ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ መልስ ላይ ይሄ ሳንቲም ከደረሳችሁ አታጥፉት፣ ዋጋ ስላለው ሳይሆን እንዲሁ።

ከ2010 እስከ 2021 የወጡት የስቴት ስም ያለባቸው ደግሞ የፓርኮች ናቸው፣ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ከዚህ ጋር አትደባልቁት።

ስለሚያብረቀርቅ ብር ነው ማለት

ጠርዙን እዩ። ከጎን ስታዩት ቀይ የመዳብ መስመር ካለ ብር አይደለም፣ ውስጡ መዳብ ነው፣ ላዩ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ነው። ከ1965 ጀምሮ መገበያያ የሆነ ኳርተር ሁሉ እንዲህ ነው፣ 1964 ወይም ከዛ በፊት የሚል ካገኛችሁ ግን 90 ከመቶ ብር ስለሆነ እሱን ያዙት። የስቴት ኳርተርም ብር የሆነ አለው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ለሰብሳቢ ተብሎ በሳጥን የተሸጠ፣ ኤስ የሚል ፊደል ያለበት፣ እንደ መስታወት ፊታችሁን የሚያሳይ። ግን ኤስ ያለበት ሁሉ ብር አይደለም፣ ተራውም በሳጥን ተሽጧል። መለያው ሚዛን ነው፣ ብሩ 6.25 ግራም ነው፣ ተራው 5.67። የወርቅ ቤት ትንሽ ሚዛን አማዞን ላይ በርካሽ ይገኛል፣ ግዙት። አያቶቻችን ማርትሬዛን ድንጋይ ላይ ጥለው ድምጿን ይሰሙ ነበር፣ ጌጧ ላይ ያለውን እንቁ ይቆጥሩ ነበር፣ ሚዛን መግዛት ለኛ ምን ይከብደናል።

ወርቅ ቅብ መግዛት

አንዲት እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸው ሲመረቅ ሃምሳውንም የስቴት ኳርተር በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ ከነሳጥኑ ከቴሌቪዥን ሽያጭ ገዝተው ሰጡት፣ የምስክር ወረቀትም አለው፣ ማህተምም አለው። ስንት እንደከፈሉ አልጽፈውም ይቅር፣ ሁለት ወር የቤት ሠራተኛ ደሞዝ ነው በአዲስ አበባ። ልጁ ሊሸጠው ሲሄድ የቀረበለት ዋጋ 12 ዶላር ከ50 ሆነ፣ ሃምሳ ሲባዛ በ25 ሳንቲም ማለት ነው፣ ያውም ነጋዴው ለትህትና ብሎ ነው። ቅቡ በጣም ስስ ነው፣ ተጠርቦ የሚሸጥ ወርቅ አይደለም፣ ሰብሳቢ ደግሞ ሳንቲሙ ከሚንቱ ከወጣ በኋላ የተነካ ነገር አይፈልግም። ቀለም የተቀባውም፣ የኮከብ ተለጣፊ የተደረገበትም ያው ነው። ምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው ወርቅ መቀባቱን ብቻ ነው። ለእትዬ ግን አልነገርኳቸውም፣ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

ማጠብ

እዚህ ላይ የምናገረው በራሴ ቁስል ነው። አንድ ቅዳሜ ሰው የሞተበት ቤት እቃ ሲሸጥ ገብቼ ከአሮጌ አዝራሮች ጋር ሳህን ውስጥ የወደቀ ጠቆር ያለ ሳንቲም አየሁ፣ ግማሽ ዶላር፣ ጺም የሌለው ሊንከን ያለበት፣ 1918። የኢሊኖይ መቶኛ ዓመት ነው! ኢሊኖይ በ1818 ስቴት ሆናለችና ለመቶኛው ዓመቷ የወጣ ነው፣ ለአንድ ስቴት በዓል ተብሎ የተመታ የመጀመሪያው የአሜሪካ መታሰቢያ ሳንቲም። ወደ መቶ ሺህ ገደማ ነው የተመታው። ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን ንስር የሠራው ጆን ሲኖክ በኋላ የፊላደልፊያ ሚንት ዋና ቀራጭ የሆነው ነው፣ እዛው ፊላደልፊያ በ1944 የኛ የጃንሆይ ሳንቲም ሲመታ የጃንሆይን መልክ የቀረጸውም እሱ ነው። ይህን እያሰብኩ ልቤ እየመታ ቤት ወሰድኩት።

ከዛ ምን አደረግኩ? እናቴ የአንገት መስቀሏን እንደምታጸዳው ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩበት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። እንዴት አማረ መሰላችሁ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ አብለጨለጨ። ሰኞ ለሳንቲም ነጋዴ ሳሳየው በአጉሊ መነጽር አንዴ አየና "ማነው የፈተገው?" አለኝ። ላዩ ላይ የነበረው ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም፣ ብሩ በዘጠና ዓመት ውስጥ ራሱ ያበጀው ቆዳ ነው፣ ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለሱም ጭምር ነው፣ ስፈትገው ደግሞ በዓይን የማይታይ ጭረት በጭረት አድርጌዋለሁ፣ አሁን ጭረቱ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። የሰጠኝ ዋጋ ከብሩ ክብደት ብዙም ፈቅ ያላለ ነው። አልሸጥኩትም፣ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ እንደ ማንኪያ እያበራ።

ስለዚህ በሎሚ፣ በአመድ፣ በኮካኮላ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በምንም። ዘይት ወይም ጭቃ ካለው ለብ ባለ ውሃ አለቅልቃችሁ ሳታሹት ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ በቃ። ስትይዙትም በጠርዙ ያዙት፣ የጣት ላብ ብር ላይ አሻራ ይተዋል፣ ከዓመት በኋላ ፍንትው ብሎ ይወጣል።

(ለስላሳ የሆነው የፕላስቲክ ኪስም መጥፎ ነው፣ ከቆየ አረንጓዴ ልጋግ የሚመስል ነገር ሳንቲሙ ላይ ይተፋል። ጠንካራውን ግዙ።)

የድሮውን ግማሽ ዶላር እንደ ተራ ማየት

የኳርተሩን ነገር ሰው ያጋንነዋል፣ የዚህኛውን ደግሞ ያሳንሰዋል። ከ1918 ጀምሮ ስቴቶች መቶኛና ሁለት መቶኛ ምናምን ዓመት ሲያከብሩ ግማሽ ዶላር ያስመቱ ነበር፣ ሜይን በ1920፣ አላባማና ሚዙሪ በ1921፣ ካሊፎርኒያ በ1925 ሰባ አምስተኛ ዓመቷን፣ እያለ ይሄዳል። እነዚህ 12.5 ግራም ናቸው፣ 90 ከመቶ ብር፣ ስለዚህ የፈለገው ቢበላሽ 11.25 ግራም ንጹህ ብር አለው፣ ከዛ በታች ማንም እንዳይገዛችሁ። መልካቸው የማይታወቅ ስለሆነ ሰው የመጫወቻ ቤት ጃቶን መስሎት ይጥላቸዋል፣ "ሃፍ ዶላር" የሚለውን ጽሁፍ ፈልጉ፣ ዋጋ የተጻፈበት ሳንቲም ነው፣ ያልተጻፈበት ሜዳልያ ነው፣ ሜዳልያ ደግሞ ማንም ያስመታዋል።

ትንሿን ምልክት አለማየት እዚህ ጋ ነው የሚያስከፍለው። አላባማን ውሰዱ። አላባማ ስቴት የሆነችው በ1819 ነው፣ ሳንቲሙ ግን ዘግይቶ በ1921 ወጣ፣ ላዩ ላይ 1819 እና 1919 ብሎ ተጽፎበታል። የስቴቷ የመጀመሪያው አገረ ገዢ ቢብና ያኔ ስልጣን ላይ የነበረው ኪልቢ ጎን ለጎን አሉበት፣ በህይወት ያለ ሰው መልኩ የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ሲወጣ ኪልቢ የመጀመሪያው ነው፣ ቀራጯ ላውራ ጋርዲን ፍሬዘር ደግሞ የአሜሪካ ሳንቲም የቀረጸች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሁሉም ደስ ይላል፣ ገንዘቡ ያለው ግን ከጎን ባለች ጽሁፍ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ሁለት፣ ከዛ የኤክስ ቅርጽ፣ ከዛ ሁለት ይላል። ሁለት ሲባዛ በሁለት አይደለም! አላባማ 22ኛ ስቴት ስለሆነች ነው፣ ኤክሷ ባንዲራዋ ላይ ያለው መስቀል ናት። ይህ ያለበት 6,006 ብቻ ነው የተመታው፣ ሌላው በአስር ሺዎች ነው። ሚዙሪም 24ኛ ናት፣ ሁለትና አራት በመሃላቸው ኮከብ ያለበት 5,000 ብቻ ነው። ለምን በሁለት ዓይነት አወጡት? ሰብሳቢ ሁለቴ እንዲገዛ ነዋ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ይቺ ዘዴ ስለጣመቻቸው በ1930ዎቹ ለከት አጣች። የእኛ ሰው ተዝካር አንዴ ያወጣል፣ አርካንሳስ ግን በ1836 ስቴት ለሆነችበት አንድ መቶኛ ዓመት ከ1935 እስከ 1939 አምስት ዓመት ሙሉ ደገሰች፣ በየዓመቱ ከሦስት ሚንት፣ ፊላደልፊያ፣ ዴንቨር፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ድምር 15 ሳንቲም፣ መልካቸው አንድ፣ የሚለየው ዓመቱና ፊደሉ። ቴክሳስም ከሜክሲኮ ነጻ ለወጣችበት መቶኛ ዓመት ከ1934 እስከ 1938 አሥራ ሦስት አወጣች። ሰብሳቢው ተማረረ፣ ኮንግረስም በ1939 በቃችሁ ብሎ ዘጋው። እና ዛሬ አንድ ሻጭ "ሙሉ ስብስቡን ካልያዝክ ዋጋ የለውም" ካላችሁ የ1935ቱን ተንኮል እየደገመባችሁ ነው፣ አንድ ጥሩ አርካንሳስ ይበቃል።

የወደድኩት ግን የአይዋን ነው። በ1946 መቶኛ ዓመቷን ስታከብር መቶ ሺህ አስመታች፣ ለራሷ ነዋሪ በ2.50 ዶላር፣ ለውጭ ሰው በ3 ዶላር ሸጠች፣ ከዛ ውስጥ አንድ ሺዋን ግን አልሸጥም ብላ አስቀመጠች፣ አምስት መቶው ለ1996፣ አምስት መቶው ለ2046። የመጀመሪያዎቹ በጊዜያቸው ወጡ። የቀሩት እስካሁን ተቆልፈው ልደታቸውን እየጠበቁ ነው።

ጉዳትን ስህተት ማለት

"ስህተት ያለበት ሳንቲም ውድ ነው" የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፣ ስለዚህ የተቧጨረ ሁሉ ስህተት ሆነ። እውነተኛዎቹ ጥቂት ናቸው። የ2004 ዊስኮንሲን፣ ዲ የሚል ፊደል ያለበት፣ በቆሎው ስር በግራ በኩል አንድ ትርፍ ቅጠል ያለው፣ ወደ ላይ የቀናና ወደ ታች ያዘነበለ ሁለት ዓይነት አለ፣ አሪዞናና ቴክሳስ ውስጥ ነው መጀመሪያ የተገኘው። የ2005 ካንሳስ ደግሞ የመምቻው ፊደል በቅባት ተደፍኖ "በእግዚአብሔር እንታመናለን" የሚለው "በእግዚአብሔር እንዝጋለን" የሚል የሆነበት፣ በእንግሊዝኛው አንዲት ፊደል ናት የጎደለችው። የ1999 ደላዌር ፈረሱ ከአፉ ምራቅ የሚተፋ የሚመስለው። እነዚህም ቢሆኑ የሚሸጡት ከኳርተርነታቸው በላይ ነው እንጂ ቤት አይገዙም።

ስህተት ያልሆነው ደግሞ ይሄ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ያነሰ ሳንቲም ላውንድሪ ማድረቂያ ውስጥ ተቀርቅሮ ለወራት የዞረ ነው። ጎኑ የተላጠ መኪና የሄደበት ነው፣ እኔ በየቀኑ ከመሬት አነሳ ነበር። ጥቁር የሆነ የተቃጠለ ወይም አፈር ውስጥ የከረመ ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ሳንቲሙን ወደ ጎን ስታዞሩት ጀርባው ተዘቅዝቆ ከታየ ስህተት አይደለም፣ የአሜሪካ ሳንቲም ሁሉ እንዲህ ነው የሚመታው፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚገለበጠው። ይህንን ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ ጠይቆኛል።

መጀመሪያ ለቀረበው መሸጥ

ወርቅ ቤትና መያዣ ቤት የሚገዛችሁ በብር ክብደት ነው፣ ኤክሷን ያየም ያላየም። ከአባት ወይም ከአሠሪ የተረፈ ስብስብ እጃችሁ ከገባ ቢያንስ ሁለት የሳንቲም ነጋዴ ጋ ውሰዱ፣ ምን እንደያዛችሁ ግን ቀድማችሁ አንብባችሁ ሂዱ፣ "ምን ያህል ያወጣል?" ብሎ የሚጀምር ሰው ዋጋውን ለነጋዴው አስረክቧል። በጣም ውድ ሊሆን የሚችለውን ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ የሚባሉ ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ዘንድ መላክ ይቻላል፣ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ሰጥተው ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ይመልሱታል፣ ክፍያ አለው፣ ስለዚህ ከኪሳችሁ የወጣ ኳርተር እንዳትልኩ፣ ክፍያው ከሳንቲሙ ይበልጣል። የታሸገ ስትገዙ ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር ድርጅቶቹ ዌብሳይት ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን አስተያዩ፣ ማሸጊያውንም አስመስለው የሚሠሩ አሉ።

አገር ቤት ለምንልክ ደግሞ፣ ሳንቲም ስጦታ ነው እንጂ ምንዛሬ አይደለም፣ ባንክ የሰው አገር ዝርዝር አይመነዝርም፣ የአክስቴ ልጅ አንድ ከረጢት ኳርተር ይዞ ቦሌ ወርዶ እስካሁን ለእንግዳ ያሳያል።

ለልጅ መጀመር ለምትፈልጉ፣ የአሜሪካ ካርታ ያለበት፣ በየስቴቱ ቦታ ቀዳዳ ያለው ካርቶን አለ፣ ርካሽ ነው። ከመልስ ላይ እየለቀማችሁ ሙሉት፣ ሃምሳውም 12.50 ነው የሚፈጀው። የኔ ልጅ ሁሉንም ሞልታ አንድ ቀርቷታል፣ ሃዋይ፣ እሱንም ከማንም አልገዛም ብላለች፣ ላውንድሪ በሄድን ቁጥር የመመንዘሪያ ማሽኑ ስር ተቀምጣ የወጣውን ሁሉ ታገላብጣለች።